ያቃናኋቸው አርባ አንድ ቅጂዎች

ረቡዕ ጠዋት ወንድሜ አሸናፊ ወጥቶ ቻፓቲ ገዝቶ ተመለሰ፤ ሁለት ለራሱ፣ ሦስት ለእኔ። ዘጠኝ ዓመት ስለሚበልጠኝ አሁንም የማድግ ይመስለው ነበር። አልጋው ላይ ተቀምጠን በሻይ እያወራረድን በላን። ሻዩ በግመል ወተት የተፈላ ነው። ዲላ እያለሁ የግመል ወተት ትጠጣለህ ቢሉኝ እስቅ ነበር፤ እዚህ በኬንያው ሞያሌ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ያለ እሱ ሻይ ሻይ አይመስለኝም። ከዚያ አሸናፊ የድምፅ መቅጃውን ይዞ ወደ ገበያ ሄደ፣ እኔ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ስለዚያ ጠዋት የምነግራችሁ ሌላ ነገር ቢኖር ደስ ባለኝ። የለም። አቧራ ነበረ፣ ውሃ የጫኑ አህዮች በበሩ ያልፉ ነበር፣ የአከራያችን የማማ ሐቢባ ሬዲዮ ይጮህ ነበር። ተራ ቀን ነበር።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁት ነው፤ እንደ እኔ ወጥታችሁ በሰው አገር ለምትኖሩትም። በማግስቱ ማታ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩት ሰዎች ይጠይቁኛል። በጽሑፍ ሲሆን ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል።

ከዲላ ስንወጣ ገና አልነጋም ነበር፣ ይዘንባልም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነጥብ አልመጣልኝም። አሸናፊ ቋንቋ ያስተምር ነበር፤ ናይሮቢ ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል አገኘና ጥናቱን የሞያሌ ነጋዴዎች በሚናገሩት አማርኛ ላይ ሊሠራ ወሰነ። ቤት ተቀምጠህ ከምትበሳጭ አብረኸኝ ና፣ ትጽፍልኛለህ አለኝ። እናታችን፣ እቴቴ ነው የምንላት፣ ቆጮ ጠቅልላ በሁለታችንም ሻንጣ ከተተች። አውቶቡሱ ያቤሎን ሲያልፍ አረንጓዴው አለቀ። ዲላ ላይ እንጨት ብትተክል እንኳ የሚያቆጠቁጥ ነው የሚመስለው፤ እዚህ ዛፉ ራሱ የሰው ፊት ሲያይ የሚፈራ ይመስላል፣ ያጥራል፣ እሾህ ያወጣል። ሞያሌ ስንደርስ ቆጮው ደርቆ ነበር። በሻይ እያራስን ጨረስነው።

ኬላው ላይ መኮንኑ የአሸናፊን ፓስፖርት እያገላበጠ ምን ልትሠራ ነው የመጣኸው አለው። ሰዎች እንዴት እንደሚያወሩ ላጠና ነው፣ አለ አሸናፊ።

«እንዴት ነው የሚያወሩት?»

«አላውቅም፤ ለዚያ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ በአፋቸው ነው የሚያወሩት» አለና ማህተሙን መታ። ለእኔ የአጭር ጊዜ ወረቀት ሰጡኝ፤ እሱን እየተመላለሱ ማሳደስ የወንድሜ ሥራ ነበር።

ሄሉ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን። አከራያችን ማማ ሐቢባ ቦረና ናት፣ ጓሮዋ ላይ ፍየል አላት፣ በሩ ላይ ሱቅ አላት። አማርኛዋን ከጫት ነጋዴ እንደተማረች ራሷ ትናገራለች። በሁለተኛው ቀን እኔን ብቻዬን አገኘችኝና የወንድሜ ካዚ ምንድነው አለችኝ። ሥራውን ማለቷ ነው። ሰው የሚያወራውን እየሰማ ይጽፋል አልኳት።

«ይሄማ ካዚ የፖሊስ ነው» አለች። «ፖሊስ ከሆነ ይናገር፣ ቤት አላከራይም። ፖሊስ ካልሆነ ደግሞ ለምን ይሰማል? ሰው ሳይከፈለው የሰው ወሬ ይሰማል?»

አሸናፊ ይህን ስነግረው በሳቅ ወደቀ። ከሳምንት በኋላ እሷው ራሷ፣ ዛሬ የእኔን ድምፅ አትወስድም ወይ ማለት ጀመረች።

ሥራው ኮርፐስ ይባላል። እሱ እንዳስረዳኝ ልንገራችሁ። ስለ አንድ ቋንቋ ከራስህ ተነስተህ አትናገርም። ሰዎች በእውነት ያወሩትን ትቀዳለህ፣ እንዳለ ትጽፈዋለህ፣ ሲበዛ ኮምፒውተሩን ትጠይቀዋለህ። አንድ ቃል ስትሰጠው የተነገረበትን ቦታ ሁሉ ያወጣልሃል፤ ቃሉ መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች ይሰለፋል፣ ግራና ቀኙ ላይ ከእሱ በፊትና በኋላ የተባለው ይታያል። መስመሩን ስትጫነው ደግሞ ድምፁን ያሰማሃል። መጀመሪያ ያሳየኝ ቀን ደጋግሜ ተጫወትኩበት። የራሱን ንግግር «ጠ» በሚል ፊደል ምልክት ያደርግበት ነበር፣ ጠያቂ ለማለት። የጠያቂው ንግግር አይቆጠርም፣ የምናጠናው እነሱን ነው ይል ነበር፤ ፕሮግራሙም ቃል ሲፈልግ የእሱን ይዘለዋል።

እሱ ይቀዳል፣ እኔ እየሰማሁ እጽፋለሁ። አንድ ደንብ ብቻ ነው የሰጠኝ፤ የሰማኸውን ጻፍ።

እኔ ግን አቃናሁት። በአማርኛ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። ሰው ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በስዋሂሊ ቀላቅሎ ሲናገር ተጽፎ ሳየው የተዋረደ መሰለኝ። ማማ ሐቢባ እንዲህ ብላለች ተብሎ ናይሮቢ ላይ የተማሩ ሰዎች ሲያነቡ ይስቁባታል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ የውጭውን ቃል በአማርኛ ተካሁት፣ ያልጨረሱትን ጨረስኩላቸው፣ መንተባተቡን አወጣሁ፣ ከጉዳዩ ውጭ የመሰለኝን ቆርጬ ጣልኩ። ሁለት ወር ሙሉ። አርባ አንድ ቅጂ። ክፉ የሠራሁ አልመሰለኝም፤ የታረዘ ያለበስኩ ነው የመሰለኝ።

ረቡዕ ከሰዓት አሸናፊ ከገበያ ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠና እስቲ እንሞክረው አለ። ሺዳ የሚለውን ቃል ጻፈ። በስዋሂሊ ችግር ማለት ነው፤ ሞያሌ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ከሰው አፍ አይጠፋም፤ ውሃ ሺዳ ነው፣ መንገድ ሺዳ ነው፣ ኔትዎርክ ሺዳ ነው። ፕሮግራሙ ምንም የለም አለው። እንደገና ጻፈ። ምንም።

«ሞያሌ ውስጥ ሺዳ የለም» አለ። «እንኳን ደስ ያለህ፤ የከተማውን ችግር ጨርሰህላታል።»

የሳቀ መስሎኝ ሳቅኩ። ከዚያ አንዱን ቅጂ ከፍቶ ከጻፍኩት ጋር እያስተያየ ሰማ። ሌላ ከፈተ። ሦስተኛ ከፈተ።

«ሚንቴ፣ እነዚህ እኮ አርባ አንድ ሰዎች አይደሉም» አለኝ። «አርባ አንዱም አንተ ነህ።»

እንዳያፍሩ ብዬ ነው አልኩት።

«ማነው የሚያፍረው? እነሱ ናቸው ወይስ አንተ?»

ወዲያው የተናገረው ከበደው መሰለኝ፣ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ አሻሸኝ። ድምፁ እስካለ ድረስ የጠፋ ነገር የለም፣ የጠፋው ጊዜ ብቻ ነው አለ። ግን አስተማሪው በወሩ መጨረሻ ይጠብቀዋል። ሐሙስ ሁለታችንም ወደ ቦሪ ልንሄድ ነበር፣ ከብት አርቢዎችን ለመቅዳት፤ ፒካፕ ተነግሮልን ነበር። አንተ ቅርና ከአንደኛው ጀምረህ ጻፍ አለኝ። ብቻውን ከሆነማ ፒካፕ ምን ያደርግለታል፣ በፒኪፒኪ ይሄዳል። ሞተር ማለት ነው።

ሐሙስ አንድ ሰዓት ላይ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጦ፣ መቅጃው ያለበትን ቦርሳ በደረቱ አድርጎ ሄደ። ቻው አልተባባልንም። አኩርፌ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። አምስት ሰዓት አካባቢ ጋሽ ወርቁ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ጋሽ ወርቁ ከሸዋ መጥተው ሞያሌ ላይ ሆቴል ከከፈቱ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ የእኛ ሰው ሲያገባም ሲታሰርም ሲሞትም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ተነስ፣ ጫማህን አድርግ አሉኝ። ሞተሩ ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ነው። ሹፌሩ ክንዱ ተሰበረ። ወንድሜ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። ሆስፒታሉ አስገብተው አሳዩኝ። ፊቱ ላይ አቧራ ነበረ። አልጠረግኩለትም። ለምን እንዳልጠረግኩለት አላውቅም፣ አሁንም አላውቅም።

ከዚያ እንደወጣሁ ስልኬን አወጣሁ። ጋሽ ወርቁ ከእጄ ወሰዱት።

«ለማን ነው?»

«ለእቴቴ።»

«አንተ ልጅ፣ መርዶ በስልክ ነው እንዴ የሚነገረው? ብቻዋን ምድጃ ሥር ወድቃ ትቅር? እናትህ ሰው እንደሌላት?»

ዲላ ላለው አጎታችን ለጋሼ ጥላሁን እሳቸው ደወሉ። ጋሼ ጥላሁን ጎረቤቱንና የዕድሩን ሰዎች በድብቅ ይሰበስባል፤ ዓርብ ገና ሲነጋጋ አብረው ገብተው ይነግሯታል። እስከዚያ ምንም ማወቅ የለባትም። እቴቴ ግን ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ ስልኩን ብዘጋው ትጠረጥራለች። እንደወትሮው አናግራት አሉኝ። አልችልም አልኳቸው። ትችላለህ፣ አንድ ቀን ነው አሉኝ።

ከሰዓት አስከሬኑን ወደ አገር የምናሻግርበትን ወረቀት ለመጠየቅ ወደ ኬላው ሄድን። ወንበሩ ላይ የነበረው ሌላ መኮንን ነው፣ ወጣት ነው፣ ትሁት ነበር። ጋሽ ወርቁ በስዋሂሊ ነገሩት። ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ፣ አለኝና ኮምፒውተሩን ነካካ። ከዚያ ጋሽ ወርቁ እየተረጎሙ የነገሩኝ ይህን ነው። ወንድምህ ገብቷል እንጂ አልወጣም። ሞቷል አልኩ። ገብቶኛል አለ፤ ግን በሲስተሙ ኬንያ ውስጥ ነው ያለው፤ ከሆስፒታል ወረቀት እስኪመጣ ድረስ እዚህ ነው። ወረቀቱ መቼ ይደርሳል አልነው። ነገ ጠዋት ኑ አለ። ከዚያ የእኔን ወረቀት ጠየቀኝ። ጊዜው ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል። አሸናፊ ሊያሳድሰው ነበር። መኮንኑ ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ምንም እንዳላየ ሆኖ አጥፎ መለሰልኝ። እንደ ደግነቱ ያስለቀሰኝ ነገር በዚያ ቀን አልነበረም።

ቤት ስገባ ማማ ሐቢባ ሬዲዮዋን ዘግታለች። የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ፖሌ፣ ፖሌ አለችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። «የእኔን ድምፅ ሲወስድ የሱም አብሮ ገብቷል አይደል? በኮምፒውተር አለ አይደል?» አለች። ለማጽናናት ያለችው ነው። እኔ ግን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንደነበረ አየሁና ላፕቶፑን ከፈትኩ።

ያሰብኩትን ስነግራችሁ አፍራለሁ። እቴቴ ስትደውል «ደህና ነኝ» ሲል ላሰማት ነው ያሰብኩት። አንድ ቃል ብቻ፤ ከሩቅ እንደሚናገር፣ ከዚያ ኔትዎርኩ እንደሚቆራረጥ። ፕሮግራሙ የ«ጠ»ን ንግግር እንዳይዘል አድርጌ ደህና ነኝ የሚለውን ፈለግኩ። ገጹ ሞላ። ከላይ እስከ ታች ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። የመጀመሪያውን ተጫንኩ። ድምፁ መጣ፣ የእሱ ድምፅ ነው፣ እየሳቀ ለማማ ሐቢባ «ፊት ነኝ ማማ» ይላታል፣ በከተማው አነጋገር ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለተኛውን ተጫንኩ፤ ለአንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ይላል። ሦስተኛው በስዋሂሊ ነው። አራተኛው ላይ ምንም አላለም፣ ጉሮሮውን ብቻ ጠረገ፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፣ ደህና ነኝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ ሰው እንደየሰውየው ነበር የሚመልሰው። እቴቴ የምታውቀው ልጇ አንዱም መስመር ላይ የለም።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ቀን እየቀዳ ሳለ እቴቴ ደውላለት ቅጂውን ሳያቋርጥ አናግሯታል። ስጽፍ ደርሼበት ነበር። ከጉዳዩ ውጭ ነው ብዬ ከጽሑፉ ቆረጥኩት። ድምፁ አለ፤ ግን የትኛው ቅጂ ላይ እንደሆነ የሚነግረኝ አንድ ፊደል የለም፣ ያልተጻፈ ነገር አይፈለግም። ከአንደኛው ጀምሬ እየዘለልኩ መስማት ጀመርኩ። የፍየል ዋጋ፣ የጨው ዋጋ፣ የመንገድ ወሬ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ።

አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

«አሹስ?» አለች እቴቴ፣ ከሰላምታ በኋላ።

ቦሪ ሄዷል፣ እዚያ ኔትዎርክ የለም አልኳት። በልቶ ነው ወይ የወጣው አለችኝ። አልበላም ነበር፤ ሳይበላ ነው የወጣው። በልቶ ነው አልኳት።

«ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«አቧራ ነው።»

«ያ አገር ካለ አቧራ ምንም የለውም?» አለች። ዲላ ይዘንብ ነበር፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገረችኝ። አሸናፊ ከመጣን ጀምሮ ድምፅሽን ቅጂልኝ ይላት ነበር፤ ከሞያሌው ጋር የሚያስተያየው የአገር ቤት ንግግር ይፈልግ ነበር። እኔ ምን ንግግር አለኝ፣ ከተማሩት ሂድ እያለች እምቢ ስትል ቆይታለች። በዚያው ሐሙስ ግን የጎረቤታችን ልጅ ሂሊና በስልኳ ቀድታት በቴሌግራም ልካለታለች።

«ሰምቶ ይጠቅመኛል ወይም አይጠቅመኝም ይበለኝ» አለች። «ካልጠቀመው ሌላ አወራለታለሁ። ብዙ ተንተባተብኩ፣ ጨነቀኝ፣ ልጄን አዋርደው ይሆን አልኩ።»

እሺ፣ እነግረዋለሁ አልኳት። ዘጋች።

የአሸናፊ ቴሌግራም ላፕቶፑ ላይ ክፍት ነበር። መልእክቱ አለ፣ አልተሰማም። የመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ። ከከፈትኩት እንደተከፈተ ሂሊና ስልክ ላይ ይታያል፣ ይህን አውቅ ነበር። እንዳወቅኩ ከፈትኩት። እቴቴ አንድ ሌሊት ደስ ብሏት ትተኛ ብዬ ነው። ወይም ድምፅዋ ናፍቆኝ ነው። አላውቅም። ጥቂት ሰምቼ አቆምኩ፣ አልቻልኩም። ወዲያው ሂሊና ጻፈች። አሹዬ፣ እቴቴ ሰማው ወይ እያለች ናት፣ ጠቀመህ? ትላለች።

እንደ እሱ ሆኜ መለስኩላት። በጣም ጥሩ ነው፣ በጣም ጠቀመኝ ብዬ ጻፍኩ።

ደስ ብሏት ሳቀች፣ አለች ሂሊና።

ላፕቶፑን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት አልጽፈውም።

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጋሼ ጥላሁንና ሰዎቹ የእቴቴን በር በሚያንኳኩበት ሰዓት፣ እኔ ላፕቶፑ ፊት ነበርኩ። ሌላ የማደርገው ነገር ጠፋኝ። ለቅሶው እዚያ ነው፣ አስከሬኑ ሆስፒታል ነው፣ እኔ በሁለቱ መሃል ጊዜው ባለፈበት ወረቀት ተቀምጫለሁ። የእቴቴን ድምፅ ከፍቼ የሰማሁትን መጻፍ ጀመርኩ። «ይቀዳል እንዴ? እ… ሂሊ፣ ይቀዳል? እሺ። እ… ምን ልበል እንግዲህ። አሹ ተናገሪ ስላለኝ ነው። ትናንት፣ የለም፣ ከትናንት ወዲያ ዝናቡ የነ… የነማንን ነው፣ የነአስናቁን ጣራ…» ስታስል ሳል ብዬ ጻፍኩ። ዶሮ ሲጮህ ዶሮ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቃል አላቃናሁላትም። ለአንድ ደቂቃ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ትሰማለህ፣ ታቆማለህ፣ ትመልሳለህ።

አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ። የእሷ ቁጥር ነው። ከኋላዋ ሴቶች ይጮሃሉ። እሷ አታለቅስም ነበር።

«ሚንቴ።»

«አቤት እቴቴ።»

«ትናንት ማታ ጥሩ ነው፣ ጠቀመኝ ያለኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«እሱ አልሰማውም?»

«አልሰማውም እቴቴ።»

አንድ ሰው ስልኩን ከእጇ ወሰደ መሰለኝ፣ ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ። ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ሦስቴ ደወልኩ። ጋሽ ወርቁ ለወረቀቱ መጥተው እስኪወስዱኝ ድረስ ጊዜ ነበረኝ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩና የቀረውን ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ እቴቴ በቃኝ፣ እንዴት ነው የሚዘጋው ትላለች። ሂሊና መዝጊያውን እስክታገኘው ትንሽ ይቆያል። እስከዚያ ማንም አይናገርም፤ ቆርቆሮው ብቻ ነው የሚሰማው። ዝናብ ብዬ ጻፍኩ።